የቴሌቪዥናችን ምስል ለምን ይለጠጣል? ለምንስ ይቆረጣል?

አዲስ ፍላት ቴሌቪዥን ወደ ቤት ሲገባ የቤተሰቡ ደስታ አንዳንድ ጊዜ ከጥቂት ቀናት አያልፍም። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ቀለሙም ያማረ ነው። ነገር ግን የሚታየው ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል። ወይም ዜና አንባቢው አናቱ ተቆርጦ ይታያል፤ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍም ግማሹ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል። ከመካ ሐረም በቀጥታ የሚተላለፈውን ሶላት የሚከታተል ሰውም በታችኛው ጠርዝ የሚወጣውን የቁርኣን ትርጉም ማንበብ ያቅተዋል። ያኔ አባት «ሻጩ አታለለን» ይላል፤ እናት «ዲሹ ነው የተበላሸው» ትላለች፤ ልጆች ደግሞ ሪሞቱን እየተቀባበሉ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ ይጫናሉ። በመጨረሻም ምንም ያልተበላሸው ቴሌቪዥን በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ገንዘብም ይከፈላል።

የዚህ ዓይነቱ ችግር በአብዛኛው የዕቃ ብልሽት አይደለም። የሚላከው ምስል ቅርጽና የመስኮቱ ቅርጽ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። መፍትሔውም በሪሞቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከወዲሁ መታወቅ አለበት፤ የተለጠጠ ምስል ተመልሶ ይስተካከላል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ይህ ልዩነት ለዜናና ለፊልም ብዙም ላያሳስብ ይችላል። የወላጆቹን ኒካሕ ወይም የሟች አያቱን ድምፅና መልክ በድሮ ካሴት ላይ አስቀምጦ ለያዘ ቤተሰብ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

የሁለት ቅርጾች አለመግባባት

የቴሌቪዥን ምስል ሁልጊዜ የወርድና የቁመት ምጥጥን አለው። የድሮው ቴሌቪዥን ምጥጥን 4 ለ 3 ነበር፤ ማለትም ወርዱ 4 ስንዝር ቢሆን ቁመቱ 3 ስንዝር ነው። ይህ ልክ የመጣው ከሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በአሜሪካ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን የ35 ሚሊ ሜትሩን ፊልም ሲያዘጋጅ የመረጠው ቅርጽ ይኸው ነበር። ቴሌቪዥን ሲፈጠርም ይህንኑ ወረሰ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ቅርጹም 4 ለ 3 ነበር። ቀለም ከመጣ በኋላም ቅርጹ አልተለወጠም።

ቴሌቪዥን በየቤቱ መግባት ሲጀምር በአሜሪካ የሲኒማ ቤቶች ገበያ ቀነሰ። የፊልም ኩባንያዎችም ተመልካቹን ለመመለስ በቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር ፈለጉ፤ ያገኙትም ስፋትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲኒማስኮፕ የተባለው ሰፊ ምስል ለሕዝብ ቀረበ፤ ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊልሞች በልዩ ልዩ ስፋት መሠራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአዲሱን የጥራት ቴሌቪዥን መለኪያ ያዘጋጁ የነበሩ መሐንዲሶች የድሮውንም የሰፊውንም ፊልም ያለ ብዙ ብክነት ሊያስተናግድ የሚችል አማካይ ቅርጽ ፈለጉ። ከርንስ ፓወርስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ያቀረበው 16 ለ 9 ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ፍላት ቴሌቪዥን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህ ቅርጽ ያለው ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። የ4 ለ 3 ምስል በ16 ለ 9 መስኮት ላይ ሲወጣ ሦስት ምርጫ ብቻ አለ። አንደኛው፣ ምስሉን እንዳለ መሐል ላይ አድርጎ ግራና ቀኙን ጥቁር መተው ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ጎን ለጥጦ መስኮቱን መሙላት ነው። ሦስተኛው፣ ምስሉን አስጠግቶ በማተለቅ መስኮቱን ሞልቶ የተረፈውን ከላይና ከታች መቁረጥ ነው። አራተኛ መንገድ የለም።

የሦስቱን ዋጋ በቁጥር እናስላው። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የ4 ለ 3 ምስል በትክክል ሲቀመጥበት 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይይዛል፤ በየጎኑ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥቁር ይቀራል። ከተለጠጠ ወርዱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነገር ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አስጠግተን ከቆረጥነው ደግሞ የምስሉ ሩብ ይጠፋል። የሚጠፋው ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ነው። ጽሑፍና ትርጉም የሚቀመጠው ከታች፣ የሰው አናት ያለው ከላይ በመሆኑ ተመልካቹ የሚፈልገው ነገር ይቀርበታል።

ጥቁሩ ቦታ ብልሽት አይደለም

ብዙ ሰው «በገንዘቤ የገዛሁት መስኮት ለምን ባዶ ይቀራል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አራት ማዕዘን በሆነ ትሪ ላይ ክብ እንጀራ ሲቀመጥ ማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራሉ፤ ትሪው እንዲሞላ ብሎ እንጀራውን የሚጎትት የለም። ጥቁሩ ቦታ የሚነግረን ምስሉ ሳይነካ በልኩ መቀመጡን ነው።

በሰፊ ፊልም ላይ ጥቁሩ ከላይና ከታች ይሆናል። በ16 ለ 9 መስኮት ላይ እንኳ በጣም ሰፊ የሆነ ፊልም የቁመቱን ሩብ ያህል ጥቁር ሊተው ይችላል። ይህም ብልሽት አይደለም። «ጥቁሩ መስኮቱን ያቃጥለዋል» የሚለው ስጋት ኤልሲዲና ኤልኢዲ ለሚባሉት የተለመዱ ቴሌቪዥኖች የሚያሳስብ አይደለም። ፕላዝማና ኦሌድ በሚባሉት ላይ ግን አንድ ዓይነት ቅርጽ ለረጅም ሰዓት፣ በየቀኑ ከቆየ ምልክት ሊተው ስለሚችል እነርሱን ማፈራረቅ ይበጃል።

ጥፋቱ የማን ነው? ሦስቱን ሜኑዎች ይጠይቁ

ምስል ከእኛ ዓይን ከመድረሱ በፊት በሦስት እጅ ያልፋል፤ በጣቢያው፣ በሪሲቨሩና በቴሌቪዥኑ። ሦስቱም ቅርጹን የመለወጥ ችሎታ አላቸው። አንዱ ያጠፋውን ሌላው ላይ ለማስተካከል መሞከር ነገሩን ያወሳስበዋል። ስለዚህ ሪሞት ከመነካካት በፊት ጥፋተኛውን መለየት ይገባል።

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን የራሱን ሜኑ በራሱ ሪሞት ይክፈቱ። ይህን ጽሑፍ የሚሠራው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። ሜኑው ቀጥ ብሎ፣ ሳይቆረጥና ሳይጣመም ከወጣ መስኮቱ ጤነኛ ነው፤ ወደ ጠጋኝ የሚያስሄድ ነገር የለም። ሜኑው ራሱ ከተቆረጠ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መስመር ከወጣበት ግን ባለሙያ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሪሲቨሩን ሜኑ በሪሲቨሩ ሪሞት ይክፈቱ። የዚህ ሜኑ ጠርዝ ወይም ፊደል ከተቆረጠ፣ ቆራጩ ከሪሲቨሩ የመጣውን ምስል የሚያስጠጋው ቴሌቪዥን ነው። የሪሲቨሩ ሜኑ ሙሉ ሆኖ በሁሉም ጣቢያ ላይ ሰው ወፍራም ወይም ቀጭን ከሆነ የሪሲቨሩ አቀማመጥ መታየት አለበት።

በመጨረሻ ጣቢያ ይቀይሩ። ችግሩ በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ምስሉ ከመነሻው እንዲሁ ሆኖ ተልኳል ማለት ነው። አንዳንድ ጣቢያ የድሮ ክምችቱን ሲያሳይ 4 ለ 3 የነበረውን ለጥጦ ይልካል። ለዚያ ሲባል የቤቱን አቀማመጥ ሁሉ መለወጥ አይገባም።

ትክክለኛነትን ለመለካት ከክብ ነገር የተሻለ ዳኛ የለም። ክብ የግድግዳ ሰዓት፣ ከጎን የሚታይ የመኪና ጎማ ወይም ክብ የጣቢያ ዓርማ መስኮቱ ላይ ሲወጣ በማስመሪያ ወርዱንና ቁመቱን ይለኩ። እኩል ከሆነ ምስሉ ትክክል ነው። ልጆችን ይህን ማሠራት ጥሩ የሒሳብ ትምህርትም ይሆናቸዋል። የእግር ኳስ ሜዳ የመሐል ክብ ግን ከርቀትና ከጎን ስለሚታይ ለመለኪያ አይሆንም።

አቀማመጡን እንዴት እናስተካክል?

ሥራው ከሪሲቨሩ ይጀምር። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ቲቪ ሲስተም»፣ «ኤቪ አውትፑት» ወይም «ስክሪን ሞድ» የሚል ክፍል አለ። በዚያ ውስጥ «አስፔክት ሬሾ» የሚለው የምስሉን ምጥጥን የሚወስነው ነው። ቴሌቪዥኑ ፍላት ከሆነ 16 ለ 9 ወይም «አውቶ» ይምረጡ። ቴሌቪዥኑ ከኋላው ወፍራም የሆነው የድሮው ከሆነ 4 ለ 3 «ሌተርቦክስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ ሰፊውን ምስል ከላይና ከታች ጥቁር አድርጎ ሳይቆርጥ ያሳያል። 4 ለ 3 «ፓን ስካን» የሚለው ግን መስኮቱን ለመሙላት ግራና ቀኙን ይቆርጣል። የዲቪዲ ማጫወቻም ተመሳሳይ ምርጫዎች አሉት።

ቀጥሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ይምጡ። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። በሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ሳይዝ»፣ በኤልጂ ላይ «አስፔክት ሬሾ»፣ በሶኒ ላይ «ዋይድ ሞድ» ይባላል። ለዘወትር 16 ለ 9 ወይም «ፉል» የሚለውን ይምረጡ። «ዙም» የሚለው ቆራጭ መሆኑን አይርሱ። «ዋይድ ዙም» የሚባለውም መሐሉን በጥቂቱ፣ ጠርዙን በብዙ እየለጠጠ ጥቂት ይቆርጣል።

ምስሉ በ16 ለ 9 ላይ ሆኖም ጠርዙ ከተቆረጠ ሌላ ምክንያት አለ። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የምስሉ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለማይወጣለት ጥቂቱን ከፍሬሙ ኋላ ይደብቅ ነበር። ይህ ልማድ በፍላቱም ላይ ስለቀጠለ ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ምስሉን በጥቂቱ አስጠግተው ያሳያሉ። በሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን»፣ በኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ በሶኒ ላይ «ፉል ፒክስል» የሚለውን ቢከፍቱ የተደበቀው ጠርዝ ይወጣል። ከታች የሚያልፈው ጽሑፍና የሶላት ሰዓት በአብዛኛው የሚጠፋው በዚህ ሳቢያ ነው።

ምልክቱን አይቶ መድኃኒቱን ለማወቅ የሚከተለውን ይያዙ።

ሰው ሁሉ ወፍራም ከሆነና ጥቁር ቦታ ከሌለ፣ 4 ለ 3 ምስል ተለጥጧል። ቴሌቪዥኑን ለጊዜው ወደ 4 ለ 3 ይመልሱ። ይህ መፍትሔ ጣቢያው ራሱ ለጥጦ ለላከውም ይሠራል።

ሰው ወፍራም ሆኖ ከላይና ከታችም ጥቁር ካለ፣ ሪሲቨሩ ለድሮ ቴሌቪዥን ተዘጋጅቷል፤ ፍላቱ ደግሞ ያንን ለጥጦታል። ሪሲቨሩን ወደ 16 ለ 9 ይለውጡ።

በአራቱም ጎን ጥቁር ካለና ምስሉ በመሐል ትንሽ ከሆነ፣ ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ ሁለቱም በ4 ለ 3 ላይ ናቸው። ሁለቱንም ወደ 16 ለ 9 ይመልሱ።

በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ሰው ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ሪሲቨሩ ለሰፊ መስኮት ተዘጋጅቷል። ወደ 4 ለ 3 «ሌተርቦክስ» ይለውጡት።

በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ ቀለሙም ከጠፋ፣ አንድ ሰው የሪሲቨሩን ሥርዓት ከ«ፓል» ወደ «ኤንቲኤስሲ» ለውጦታል። የእኛ አገር ፓል ነው።

የሪሲቨሩን የጥራት መጠን ከነካኩ በኋላ መስኮቱ ጨልሞ ቴሌቪዥኑ «ይህን ምስል አልቀበልም» ካለ፣ መጠኑ ከቴሌቪዥኑ አቅም በላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሪሲቨሮች ሪሞት ላይ ይህን መጠን የሚያፈራርቅ ቁልፍ አላቸው፤ ምስሉ እስኪመለስ ድረስ በየመሐሉ ጥቂት እየቆዩ ይጫኑት። ካልሆነም ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው የኤቪ ገመድ አገናኝተው ሜኑውን በዚያ በኩል ያስተካክሉ።

የድሮ ካሴት ላለው ቤተሰብ

አሁን ወደ ዋናው አደራ እንመጣለን። ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ዓ.ም. የሠርግ፣ የኒካሕ፣ የምርቃትና የዘመድ ጥየቃ የቪዲዮ ካሴቶች በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አሉ። የካሴት ክር በእርጥበት ይሻግታል፤ በጊዜ ብዛትም ይደክማል። ማጫወቻው ዴክም እየጠፋ ነው። በመሆኑም ብዙ ቤተሰብ ካሴቱን ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ይዟል። ይህ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ካልተደረገ ለዘለቄታው የሚጎዳ ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማል።

እነዚህ ካሴቶች በአብዛኛው 4 ለ 3 ናቸው። ገልባጩ «መስኮቱን የሚሞላ ይሁን» ሲባል ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ከለጠጠው ጉዳቱ ይታገሡታል፤ ቴሌቪዥኑን ወደ 4 ለ 3 በመለወጥ ይስተካከላል። በኮምፒውተር ላይም ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ የእንግሊዝኛዋን «ኤ» ፊደል ደጋግመው ቢጫኑ ምጥጥኑ እየተፈራረቀ ይመጣል። ከቆረጠው ግን ከኋላ ቆሞ የነበረ የአያት ፊት፣ ከታች ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሕፃን፣ በጠርዝ የተጻፈ ቀን በግልባጩ ላይ የለም። ካሴቱ ደግሞ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ከተጣለ የሚመልሰው ኃይል አይኖርም።

ስለዚህ ለገልባጩ አስቀድመው በግልጽ ይንገሩ። ምስሉ በ4 ለ 3 ይቆይ፤ ዙም አይደረግ። በ1920 በ1080 መጠን የሚያዘጋጅ ከሆነ የካሴቱ ምስል 1440 በ1080 ሆኖ መሐል ይቀመጥ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን። ከመክፈልዎ በፊት የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አይተው ክብ ነገር ይፈልጉ፤ የሰው አናትና እግርም አለመቆረጡን ያረጋግጡ። ግልባጩን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ካሴቱንም አይጣሉ፤ ደረቅ ቦታ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያኑሩት።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ካለ ሌላም ነገር ይታወቅ። የአሜሪካው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ሲሆን 525 መስመር አለው፤ የእኛው ፓል 625 መስመር ነው። ፓልን ብቻ በሚያነብ ዴክ ላይ የአሜሪካው ካሴት በትክክል አይታይም። ይህ ካሴቱ መበላሸቱን አያሳይም፤ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያለው ገልባጭ መፈለግ ነው።

የዛሬዎቹ ወጣቶች ደግሞ በሞባይል ሲቀርጹ ስልኩን አቁመው ይይዛሉ። ስልክ ላይ ያምራል፤ በቴሌቪዥን ሲታይ ግን የመስኮቱን ወርድ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚያየው ሠርግ ከሆነ ስልኩን አጋድሞ መያዝ ይበጃል። አቁሞ የተቀረጸውን ግን ለመስኮት ተብሎ አለመቁረጥ ነው።

ወደ ጠጋኝ መቼ እንሂድ?

የቴሌቪዥኑ የራሱ ሜኑ ከተበላሸ፣ መስኮቱ ላይ ቋሚ መስመር ከቆመ፣ ወይም በድሮው ቴሌቪዥን ምስሉ ተሰብስቦ አንድ አግዳሚ መስመር ከሆነ የውስጥ ዕቃ ተጎድቷል። ያኔ ባለሙያ ይጠራ። የድሮውን ቴሌቪዥን ግን በምንም ምክንያት በቤት ውስጥ አይክፈቱ። የባለ ቀለሙ ቱቦ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ ውጭ ላለው ችግር ሁለቱን ሪሞቶች፣ አንድ ማስመሪያና ትንሽ ትዕግሥት ማዘጋጀት ይበቃል። አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ የሪሲቨሩንም የቴሌቪዥኑንም አቀማመጥ በወረቀት ጽፎ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መለጠፍ ጥሩ ነው፤ ልጅ ቢነካካው ወይም መብራት ሄዶ ቢለወጥ ማንም የቤቱ ሰው ሊመልሰው ይችላል። ካሴት ያለው ቤተሰብም ክሩ ሳይሻግት፣ ዴኩም ሳይጠፋ በዚህ ወር ሳጥኑን ቢከፍት መልካም ነው።